ግማሽ ዱባ

ጨጨላ ዳገት ላይ፣ በኪራይ ክፍሌ ውስጥ፣
አውሬ ስሥል ከረምሁ፣ መብራት እስኪጠፋ ወረቀት ላይ ሳፈጥ።
ለልጆች ተረት ነው፣ ገጹ ሃያ አራት፤
ጽሑፉ የእቴነሽ፣ ሥዕሉ የኔ እራት።

እቴነሽ ከማስተማር ጡረታ ከወጣች ስድስት ነው ክረምቱ፤
«ጅቡን አታስከፋው፣ ልጅ ይቃዥብኛል» ብላለች በብርቱ።
ሦስቴ ደለዝሁት፤ ጥርሱን ቀነስሁለት፣ ጆሮውን ቆለመምሁለት፤
ዓይኑ ብቻ ቀረ፣ ለኋላ ትቼለት።

ተረቱም እንዲህ ነው፦
ዝናብ የቀረ ለት፣ ቀሃ ወንዝ ጠጠሩን እንደ ጥሬ ሲያሰጣ፣
ከጃርት ጓሮ ውስጥ አንድ ዱባ ወጣ።
አንድ ብቻ። ሌላ የለም።
ጦጣ ሰማች፤ እሷ የሰማችው ተደብቆ አይቀርም።
ኤሊ ሰኞ ተነሣች፣ ሐሙስ ማታ ልትደርስ፤
ጅብም መጣ ከነሆዱ፣ ሥጋ ባይሆን እንኳ የተገኘን ሊጎርስ።
ጃርት እሾ኿ን ነፋች፣ ዱባዋን ከበበች፣
«ብበላት ታልቃለች፣ ብሰጣት ታልቃለች፣ ትቀመጥ» እያለች።
ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት ቁማ ስትጠብቃት፣
ዱባዋ አላጠገበቻት፣ እንቅልፍ ብቻ ነሣቻት።

ኤሊ ናት ያወቀችው፣ ከሁሉም ዘግይታ የደረሰችው፤
አንገቷ ለመሬት ቅርብ ስለሆነ ነው ሽታውን የለየችው፦
«ጃርት ሆይ፣ ዱባሽ ከሥር መላሸቅ ጀምራለች፤
እኛ ዛሬ ካልቆረስናት፣ ነገ ለትል ትቆረሳለች።»
ጃርት እሾ኿ን አጠፈች።
ተቆረሰች።
ጅብ የደረሰውን ሳያኝክ ውጦ፣
«ጨው አንሷታል» አለ፣ ከንፈሩን መጦ።

ይህ ሁሉ ገጽ አሥራ ዘጠኝ ነው፣ ዱባዋ የምትቆረስበት፣
ቢጫ ቀለም እንደ ውኃ የሚፈስበት።
ሣጥኔን ከፍቼ ቱቦውን ብጨምቅ፣
ድንጋይ። ጠብ የማይል፣ ሲጫኑት የሚሰነጠቅ።

ባዬ ጎረቤቴ፣ የሱቅ ማስታወቂያ የሚጽፈው፣
በሰኔ በሬን መትቶ «ትንሽ ቢጫ» ሲለኝ «አልቋል» ያልሁት ሰው።
አላለቀም ነበር፤ ግማሹ እንኳን አልተነካም፤
ለክፉ ቀን ብዬ ነው።
ክፉው ቀን ሲመጣ ቀለሙ አልደረሰም።

በምላጭ ፈቅፍቄ፣ በዘይት አሽቼ፣
ግማሽ ዱባ ቀባሁ፣ ግማሹን ነጭ ትቼ።

ቅዳሜ፣ ከገበያው በላይ፣ በቀበሌው ንባብ ቤት፣
አርባ ልጅ፣ አሥራ አንድ ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ መስኮት፤
እቴነሽ ታነባለች፣ እኔ ሥዕሉን ከፍ አደርጋለሁ፤
ገጽ አሥራ ዘጠኝ ሲደርስ በጣቴ ነጩን እከልላለሁ።

እንዳላማው ግን አየ፤ ወደኔ ተጠግቶ፣
ጣቴን እንደ ክዳን ቀስ አርጎ አንሥቶ፣
«ጋሼ፣ ይቺ ዱባ ግማሿ ለምን ነጭ ሆነ?»
ላቤ መጣ። «ቀለም…» ልል፣ ምላሴ ተያዘ።
አንጓች ከኋላ፣ ከቆመችበት፦
«አታይም? ያኛው እኮ ተሰጥቷል! ተካፍለውት!»

ክፍሉ ሁሉ አመነ።
እንዳላማው ብቻ ትንሽ አሰበና፣
«ለጅቡ ከሆነ ግን በዝቷል» አለና፣
ተመለሰ ወደ ቦታው።

ማታ የባዬን በር መታሁ። ሲከፍት፣ ጣቱ እስከ አንጓው ቢጫ ነው።
ከየት እንዳገኘ አልጠየቅሁ፤ እሱም የሰኔውን ተወው።
ዱባዋን አልነካትም፤ እንዳለች ትታተማለች።
«ምን ያህል ይበቃሃል?»
«ጥቂት። ለጅብ ዓይን ነው።»

በቆርኪ ቀድቶ ሰጠኝ፣ እስከ አፉ ሞልቶ።
ደጄ አሥር እርምጃ ነው፤
እንዳይፈስ እያልሁ
እንደ ኤሊ ሄድሁ።